የመሪዋ ድምፅ፦ ከጥቅምት እስከ ገና የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

መኪናችን ከፍ ያለች፣ አምስት በር ያላት የጃፓን ስሪት ናት። ያገለገለች ሆና ከዱባይ ነው የመጣችው፤ አሁን ሃያኛ ዓመቷን ይዛለች። ስሟን አልጠራም፤ ያገኛት ነገር በአዲስ አበባ መንገድ የሚውል ያረጀ መኪና ሁሉ የሚያገኘው ነው። ሁለቱን ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው፣ እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሰው፣ ለዓመት በዓል አሰላ የምንሄደው በእሷ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ "ሽጠሽ የተሻለ ግዢ" የሚሉኝ ሰዎች ምክር እንደ ድሮው አይቀልም። ያለችንን ተንከባክበን ማቆየት አለብን። ቅዳሜና እሑድ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ግቢያችን ውስጥ የሠራሁትን እንዲህ በየቀኑ ማታ ማታ አሰፈርኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ትናንት ልጆቹን አድርሼ ስመለስ፣ ወደ ግቢያችን ልገባ መሪውን ስጠመዝዘው ለአፍታ ድንጋይ ሆነብኝ። በሁለት እጄ ጎተትኩት፤ ከዚያ ራሱ ለቀቀ። ከኋላዬ ታክሲ ነበር። ገብቼ ካቆምኩ በኋላ ከመኪናው ለመውረድ ጉልበቴ እስኪመለስ ጠበቅሁ።

መሪዋ ካስቸገረችኝ ቆይታለች። ሕመሙን ሳልቀላቅል ልጻፈው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ መሪው ይከብዳል፤ ሲዞርም ከኮፈኑ ሥር የሚያላዝን ድምፅ አለ። ጉድጓድና ጉብታ ላይ ከፊት በኩል ይንኳኳል። ቀጥ ባለ መንገድ መሪውን ለቀቅ ሳደርገው ወደ ቀኝ ትሳባለች። በአዳማው ፈጣን መንገድ ላይ ደግሞ 90 ስደርስ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ 110 ሳልፍ ይተዋል።

ባለፈው ሳምንት የወሰድኳት ጋራዥ ሁሉንም በአንድ አፍ ነው የፈረደው፤ "ራኩ አልቋል፣ ፖምፓውም አብሮ ይቀየር።" ራክ የመሪውን መዞር ለጎማዎቹ የሚያስተላልፈው ክፍል ነው፤ ፖምፓ ደግሞ መሪውን የሚያግዘውን ዘይት የሚገፋው። ክሪክ እንኳ ሥሯ አላስገቡም። የጠየቁኝ ገንዘብ ከሦስት ወር ደሞዜ ይበልጣል።

ዛሬ ምድር ቤት ለሚኖሩት ጎረቤቴ ነገርኳቸው። ጋሼ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ኤን ትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበሩ፣ ከዚያ ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ ጨረሱ። ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። "ልጄ፣ አራት ነገር ነው የነገርሽኝ። አራቱን አንድ ላይ አትጠቅልይው" አሉ። "ነገ በጎማው እንጀምራለን። እጅሽ እንዲቆሽሽ ግን ፈቃደኛ ሁኚ፤ እኔ ወገቤ አያጎነብስም።"

እሑድ፣ ጥቅምት 17

የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ የተለጠፈችው ሰሌዳ ለፊት ጎማዎች 32 ፒኤስአይ ትላለች። ለካሁ። ግራው 31፣ ቀኙ 24። ያን ያህል ልዩነት በዓይን አያስታውቅም፤ የዛሬ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ አየር ሲያንሰው ቶሎ አይተኛም። አየር ያነሰው ጎማ ግን በመንገዱ ላይ ተጎትቶ ነው የሚሄደው፤ መኪናዋም ወደዚያው ታዘነብላለች። ነፍተን ወደ ሲኤምሲ አንድ ዙር ነዳሁ። መሳቡ በግማሽ ቀነሰ፤ አልጠፋም።

ጋሼ ቀጥለው የፊት ሁለቱን ጎማዎች ቦታ አቀያይሪ አሉኝ። ጎማዎቼ አቅጣጫ የሚመርጡ ዓይነት ስላልሆኑ ይቻላል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ የጎማው ከሆነ መሳቡ አብሮት ወደ ግራ ይዞራል። አልዞረም፤ አሁንም ቀኝ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹ ከተጠያቂነት ወጡ።

ጎማዎቹ መሬት ላይ ተኝተው ሳሉ ጋሼ መዳፌን በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ እንዳሳልፍ አደረጉኝ፤ ከዚያ ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ ነው፤ በሌላው ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ይቧጥጣል። "ይህ ጎማ ቀጥ ብሎ አልሄደም፤ ወደ ጎን እየተፋቀ ነው የኖረው" አሉ። አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ማስተካከል፣ ግድ ይሆናል፤ ግን መጨረሻ ላይ ነው። የላላ ዕቃ ሳይቀየር የሚሠራ አላይመንት የባከነ ገንዘብ ነው፤ የላላው ነገር ያስተካከሉትን ያንኑ ቀን ይረሳዋል።

በጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብም ዛሬ ተማርኩ። የእኔ 3517 ይላል፤ በ2017 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የጎማ ዕድሜ በጥርሱ ብቻ አይለካም፤ በሚቀጥለው ዓመት እቀይራቸዋለሁ።

ማታ እንደገና ነድቼ ስመለስ የእጄን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጋሁ። የግራው ለብ ያለ ነው። የቀኙ ግን ሳልነካው ወላፈኑ ያቃጥላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ቀኝ ጎማውን አወረድኩ። የፍሬኑን ሸራ የሚይዘው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ፤ የታችኛው በእጅ እሽ አይልም፣ ጎማ ሽፋኑ ተቀዶ ውኃና ጭቃ ገብቶበታል። ፔዳሉን ስለቅ ካሊፐሩ ወደ ኋላ መመለስ ስላልቻለ የፍሬኑ ሸራ ዲስኩን ይዞት ነበር የሚውለው። መኪናዋ ወደ ቀኝ የምትሳበው መሪዋ ተበላሽቶ ሳይሆን በቀኝ እግሯ ፍሬን እንደተያዘ ስለምትሄድ ነው።

ፒኑን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ፤ ለፍሬን ተብሎ የሚሸጠውን ሙቀት የሚችል ግሪስ ቀባሁና ሽፋኑን ቀየርኩ። ግሪስ ሸራውና ዲስኩ ላይ እንዳይነካ ጋሼ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁኝ።

ነድቼ አየሁት። በመሀል መንገድ ቀጥ ትላለች። ጠርዝ ስይዝ ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ እሱ ግን የመንገዱ ነው። አስፋልት ዝናቡ እንዲወርድ መሀሉ ከፍ፣ ዳሩ ዝቅ ተደርጎ ይሠራል፤ በቀኝ የሚነዳ መኪና ሁሉ ያን ያህል ወደ ቀኝ ያዘነብላል።

ከአራቱ አንዱ ተፈታ። ራኩን ማንም አልነካውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

መንኳኳቱን ያገኘችው የ11 ዓመቷ ልጄ ናት። ከኋላ ወንበር ሆና ሳምንቱን ሙሉ እንድታዳምጥልኝ ጠይቄያት ነበር። "እማዬ፣ ሁለት ድምፅ ነው እኮ" አለችኝ ትናንት። "አንዱ ኳ ይላል፤ እሱ ጉድጓድ ላይ ነው። አንዱ ጠቅ ይላል፤ እሱ ቆመሽ መሪ ስታዞሪ ነው።" እኔ ለወራት አንድ አድርጌ ነበር የሰማሁት።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። መኪናዋን በክሪክ አንስተን በማቆሚያ ብረት ላይ አሳረፍናት፤ ክሪክ ብቻውን የያዘው መኪና ሥር እጅ እንኳ አይገባም። ጎማውን በሰዓት 12 እና 6 ላይ ይዤ ገፋ ሳብ አደረግሁ፤ ምንም የለም። ይህ ኩሽኔታውንና የታችኛውን ቦል ጆይንት ይፈትሻል። ከዚያ በ3 እና በ9 ላይ ያዝኩት። ግራው ጭምት ነው። ቀኙ ግን፣ በጣም ትንሽ፣ ጠቅ።

ቀጥሎ መኪናዋን መሬት አውርደን ሞተሩን ሳናስነሳ የመሪውን ቁልፍ ብቻ ከፈትን። ልጄ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ መሪውን አንዲት ስንዝር ወደ ግራ፣ አንዲት ስንዝር ወደ ቀኝ ታወዛውዘዋለች፤ እኔ አስፋልቱ ላይ ተኝቼ በጎማው በኩል እጄን አስገባሁ። "በዓይንሽ አትፈልጊው፤ በጣትሽ ንኪው" አሉኝ ጋሼ። መጀመሪያ ከራኩ የሚወጣው ዘንግ የተሸፈነበትን ጎማ ጨበጥኩ፤ ድርቅ ያለ ነው፣ ዘይት አያልብም፣ ውስጡ ያለው መገጣጠሚያም አይንቀሳቀስም። ከዚያ ወደ ውጭ፣ ታይሮዱ (በዘንጉ ጫፍ ያለው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ) ከጎማው ክንድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ሌባ ጣቴን በመገጣጠሚያው ላይ አጋድሜ ጠበቅሁ። ዘንጉ መጀመሪያ ይሄዳል፣ ክንዱ ዘግይቶ ይከተላል፤ መሀል ላይ ጣቴን ቆንጠጥ ያደርገኛል። ልጄ ልትጥለው የደረሰች የወተት ጥርሷን በምላሷ ስትነቀንቀው የነበረውን ነው የሚመስለው።

ሞተ የተባለው ራክ ደህና ነው። ያለቀው አንዲት የውጭ ታይሮድ ናት።

"ኳ" የሚለው ሌላ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን የፊት እግሮች የሚያያይዘው ብረት ከሾኩ ጋር የሚገናኝባት አጭር ዘንግ አለች፤ መካኒኮች ሊንክ ይሏታል። የግራዋ ሊንክ ጎማ ሽፋኗ ተቀዶ ኳሷ ዝጋለች። በእጅ ስነቀንቃት ያንኑ ድምፅ ሰጠችኝ። ሊንክ ከመሪ ጋር ግንኙነት የላትም፤ ድምፁ ግን በመሪው ዘንግ በኩል ወደ ጆሮ ስለሚመጣ ስንት ሰው ደህና ራኩን አስቀይሮባታል።

ታይሮድ ግን ቀልድ አያውቅም። ኳሷ ከጉድጓዷ ከወጣች ያ ጎማ ከመሪው ትእዛዝ ውጭ ነው፤ አንዱ ጎማ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደፈለገው። ልጆቹን ከነገ ጀምሮ በሰርቪስ ነው የምልካቸው። አሰፍሬዋለሁ፤ እንዳልሰንፍ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ። አሮጌውን ታይሮድ ገና ስላልፈታሁት የመኪናዋን የሻንሲ ቁጥር በወረቀት ይዤ ሄድኩ። ያለ ቁጥር መሄድ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው መኪኖች በሞተር መጠንና በዓመት ታይሮዳቸው ይለያያል፤ ግራና ቀኙም አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው ባለሱቅ "እህቴ፣ ሰልባጅ ልስጥሽ፤ ኦሪጅናል ነው፣ ከአዲስ ይሻላል" አለኝ። ለበር፣ ለመብራት፣ ለመስታወት ሰልባጅ ገዝቼ አውቃለሁ፤ ወደፊትም እገዛለሁ። ኳስና መገጣጠሚያ ያለው የመሪ ዕቃ ላይ ግን አይሆንም። የሌላ ሰው መኪና ምን ያህል ጉድጓድ እንዳስረገጠው ማን ያውቃል?

ጋሼ ያስተማሩኝን ሱቁ ላይ አደረግሁ። ከካርቶኑ አውጥቼ የኳሷን ብሎን በሁለት ጣቴ አዞርኳት። ደህና አዲስ ታይሮድ ከበድ ብላ፣ ሳታቋርጥ፣ እኩል ትዞራለች። አንዷ እንደ ማንኪያ በባዶ ስኒ ወዲያ ወዲህ አለች፤ መለስኩ። አንዷ ጎማ ሽፋኗ ላይ ስንጥቅ አለባት፤ መለስኩ። ሦስተኛዋን ወሰድኩ፤ የሚቆለፍ ዳዶዋና ዳዶው እንዳይፈታ የምትይዘው ሽቦ፣ ኮፒሊያዋ፣ አብረዋት አሉ። የግራውንም ገዛሁ፤ እነዚህ ነገሮች ጥንድ ሆነው ስለሚያረጁ። ሊንኮቹንም ሁለቱንም። ከጋራዡ ዋጋ አንድ አስረኛ አልሞላም፤ ፖምፓው ገና ይቀራል እንጂ።

እሑድ፣ ኅዳር 15

የገና ጾም ዛሬ ገባ። ከቅዳሴ መልስ ሽሮ በልተን ጀመርን።

የቀኙን ጎማ አወረድኩ። ትላንት ማታ የታይሮዱ ብሎን ጥርስ ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍቼበት ነበር፤ ያ አንድ ሌሊት የሁለት ሰዓት ትግል አስቀርቶልኛል። መጀመሪያ ታይሮዱ ከዘንጉ ጋር የተቆለፈበትን ዳዶ ሩብ ዙር ብቻ አላላሁ። ዳዶው የነበረበትን ቦታ በነጭ ቀለም ምልክት አደረግሁ፤ ከምልክቱ እስከ ኳሷ መሀል ያለውንም በሜትር ለካሁ። ኮፒሊያዋ ዝጋ ተሰብራ ወጣች። ዳዶው በ19 ቁጥር ቁልፍ ተፈታ።

ከዚህ በኋላ ነው ችግሩ። የኳሷ ብሎን ሾጣጣ ናት፤ ክንዱ ውስጥ ያለው ቀዳዳም ሾጣጣ ነው፤ ለሃያ ዓመት ተቃቅፈው ኖረዋል። መዶሻ አንስቼ የብሎኗን ጫፍ ልመታ ስል ጋሼ ጮኹ፤ "እሷን አይደለም! ክንዱን!" ጥርሷን ብመታት አትወጣም፣ ጫፏ ይንጋጋል። ሁለት መዶሻ ሰጡኝ፤ አንዱን ከክንዱ ጆሮ አንድ ጎን አስደግፌ በሌላው ከተቃራኒው ጎን እመታለሁ። ብረቱ ለቅጽበት ከክብነቱ ይወጣና ሾጣጣዋን ይለቃታል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ... ሰባተኛው ላይ "ጧ" ብላ ወደቀች። ጎረቤቶች በረንዳ ላይ ወጡ።

አሮጌዋን ከዘንጉ ላይ እየቆጠርኩ ፈታሁ፤ 21 ዙር። አዲሷን 21 ዙር አስገብቼ በሜትር ስለካት ከአሮጌዋ 2 ሚሊ ሜትር ረዘመች፤ የተለያየ ፋብሪካ ዕቃ ርዝመቱ አንድ ስላልሆነ ቆጠራው ብቻውን አይበቃም። ጥቂት ጨምሬ አስገብቼ በልኬቱ አስተካከልኩ።

አዲሷን ክንዱ ውስጥ ከትቼ ዳዶውን ሳስር ብሎኗ አብራ መዞር ጀመረች። ጋሼ ክሪኩን ከሥር አስጠግተው ታይሮዷን በቀስታ ወደ ላይ እንድገፋ አዘዙኝ፤ ሾጣጣዋ ያዘችና መዞሯን ተወች። የመኪናዋ መመሪያ 49 ኒውተን ሜትር ይላል፤ ኃይል የሚለካውን ቁልፍ ከጋሼ የድሮ ባልደረባ ተዋስን። 49 ላይ "ጠቅ" አለ፤ ግን የኮፒሊያው ቀዳዳ ከዳዶው ጥርስ ጋር አልገጠመም። ለመመለስ እጄ ሲሄድ "ወደ ኋላ አይመለስም" አሉኝ። ሁልጊዜ ወደ ፊት አጥብቆ ነው ቀዳዳው የሚፈለገው፤ የላላ ሾጣጣ ኳሷን ይበላታል። ጥቂት አጠበቅሁ፣ ቀዳዳው ታየ፣ ኮፒሊያዋ ገባች፣ ጫፎቿን ከፍቼ አጠፍኳቸው።

አሮጌዋን አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬያታለሁ። ሽፋኗን ስገፈው በግሪስ ፋንታ ቀይ ጭቃ ወጣ። ኳሷ በአንድ ጎኗ ጠፍጣፋ ሆናለች። በጣቴ ያለ ኃይል ወዲያ ወዲህ ትወድቃለች። ልጆቼን በዚህች ላይ ነው ሳመላልስ የከረምኩት።

ግራውን ለመቀየር ጀንበር ጠለቀች። እሱ ገና ጭምት ስለሆነ ሊጠብቅ ይችላል። ሊንኮቹ ግን ሁለቱም ገቡ፤ "ኳ" ጠፍቷል። የጎማ ዳዶዎቹን 103 ኒውተን ሜትር ላይ አጥብቄ ገባሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

አላይመንት። ማሽኑ ላይ ከመውጣቴ በፊት የአራቱንም ጎማ አየር አስተካከልኩ፤ ሻንጣ ውስጥ ያለውን ሲሚንቶም አወረድኩ። የፊት ጎማዎቹ አፍንጫ ወደ ውጭ ፈንጥቆ ነበር፤ ያ ነው መዳፌ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የቧጠጠኝ።

ስጨርስ መሪው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ወደ ግራ ጠመም ብሎ ቆመ። መኪናዋ ቀጥ ትሄዳለች፤ መሪው ግን ጠማማ ነው። ብዙ ሰው "ይሁን" ብሎ ይሄዳል። ተመልሼ ገባሁ። ማሽኑ ላይ ሲሠሩ መሪውን በቀጥታ ቆልፈው አልያዙትም ነበር፤ የማሽኑ ሠራተኛ ምንም ሳያጉረመርም እንደገና ሠራው። አንዱን ታይሮድ ጥቂት አሳጥሮ ሌላውን ያንኑ ያህል አስረዘመ፤ አለቀ። የተጠማዘዘ መሪ የማዞሪያ መብራት እንኳ በአንድ ጎን ቶሎ፣ በሌላው ዘግይቶ እንዲመለስ ያደርጋል፤ እጅም ሳያውቀው ይደክማል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 28

ውርጩ ገባ፤ ጠዋት መስታወቱ ላይ ጤዛው ይነጣል። የመሪው መክበድና ማላዘንም ባሰበት። ይህን ለመጨረሻ ያስቀረሁት ፖምፓውን ስለፈራሁ ነው።

የእኛ መኪና መሪ በዘይት ነው የሚታገዘው። ሞተሩ በቺንጋ ፖምፓውን ያዞራል፣ ፖምፓው ዘይቱን ይገፋል። መሪውን ስናዞር ከራኩ አናት ላይ ያለ ቀጭን ዘንግ ጥቂት ይጠመዘዛል፤ ያቺ ጥምዘዛ ለዘይቱ በር ትከፍትለታለች፣ ዘይቱም ጎማዎቹን ከእኛ ጋር ይገፋል። አየር ከገባበት ግን አየር ይታመቃል እንጂ አይገፋም። ያኔ መሪው ለአፍታ ድንጋይ ይሆናል። ጥቅምት ላይ ያስደነገጠኝ ይኸው ነበር።

ክዳኑን ከፈትኩ። ዘይቱ ከዝቅተኛው ምልክት በታች ነው፤ ቀለሙም ቡና። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ሲያዞር ከላይ የማኪያቶ አረፋ የመሰለ ነገር ተነሳ። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ማጠራቀሚያው ቀሰሩ፤ "ከዚህ አረፋ ካየሽ አየር እየገባ ነው። አየር ከየት ይገባል? ፖምፓው ዘይት ከሚስብበት በኩል ነዋ።"

ከማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው የሚሄደው አጭር ቱቦ እንደ ደረቅ እንጨት ጠንክሯል፤ የሚይዘው ቀለበትም ላልቷል። እዚህ በኩል ግፊት የለም፣ መምጠጥ ነው ያለው፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲሠራ ዘይት ወደ ውጭ ሳይንጠባጠብ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ ጠብታ ፈልገን ያላገኘነው ለዚህ ነበር። ፖምፓው የሚያላዝነው አረፋ እያኘከ ነው።

ዘይት የሚችል፣ ውስጡ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ቱቦና ሁለት ቀለበት ገዛሁ። የውኃ ቱቦ በርካሽ ይገኛል፤ ዘይት ግን በጥቂት ወር ያሟሟዋል። ቱቦውን ከቀየርኩ በኋላ የመመለሻውን መስመር ከማጠራቀሚያው ነቅዬ ወደ ባዶ የውኃ ፕላስቲክ አደረግሁት፤ የተነቀለበትን አፍም ደፈንኩ። የፊት ጎማዎቹ በማቆሚያ ላይ ተነስተዋል። ሞተሩ ሳይነሳ ባለቤቴ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ያዞራል፤ ቡናው ዘይት ወደ ፕላስቲኩ ይወጣል፤ እኔ ከላይ አዲሱን እጨምራለሁ፣ ማጠራቀሚያው አንዴም ባዶ እንዳይሆን እየተጠነቀቅሁ። የክዳኑ ጽሑፍ ዴክስሮን 2 ወይም 3 የሚባለውን የዘይት ዓይነት ይላል፤ ሌላ አልጨመርኩም። ሁለት ሊትር ተኩል ከጨረስኩ በኋላ የሚወጣው ቀይና ጥርት ያለ ሆነ። መስመሩን መልሼ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ሃያ ጊዜ ያህል ከዳር ዳር አዞርን፤ ከዚያ አስነሳን። ጥግ ላይ መሪን ይዞ መቆየት ፖምፓውን ስለሚያሞቀው ነካ አድርጎ መመለስ ነው።

ዛሬ ማታ ማላዘኑ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። ጋሼ "ትንንሾቹ አረፋዎች ለመውጣት ቀን ይፈልጋሉ" አሉ።

ሥራው የግቢውን ሰው ሰብስቦ ነበር፤ ሁሉም የየራሱን መሪ ይዞ መጣ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ አዲስ መኪና አላት፤ ጠዋት ጠዋት የመሪ ምልክት ቀይ ይበራና መሪው ይከብዳታል፣ ከዚያ ይተዋታል። የእሷ በኤሌክትሪክ ሞተር ነው የሚታገዘው። ይህ ዓይነቱ መሪ ለእኛ አዲስ ይምሰለን እንጂ በሱዙኪ ሴርቮ ላይ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ነው። ዘይት የለውም፣ ፖምፓ የለውም፤ ባትሪ ግን ይወዳል። ባትሪዋን ለካን፤ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ይጠበቃል፣ የእሷ 11.9 ነበር። እሷንም ጋራዥ መሪው ሙሉ በሙሉ ይቀየር ብለዋት አልቅሳ ነበር የመጣችው። ሌላው ጎረቤታችን ለውበት ብሎ ከመጠኑ የሰፋ ጎማ አስገጥሟል፤ መሪው ከበደኝ፣ ሲጠመዘዝም ጎማው ይፋቃል ይላል። እሱን ለማዳን መድኃኒቱ የድሮውን መጠን መመለስ ብቻ ነው፤ ለጊዜው አልተዋጠለትም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 5

ማላዘኑ ሐሙስ ጠዋት ጠፋ። አረፋ የለም፣ ዘይቱ ምልክቱ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ውርጩ እንዳለ፣ በአንድ እጄ ጠምዝዤ አወጣኋት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

የቀረው መንቀጥቀጡ ነው። ጎማዎቹን ለባላንስ፣ ክብደታቸው ዙሪያውን እኩል እንዲሆን ለማስተካከል፣ ከመውሰዴ በፊት አንድ በአንድ አውርጄ የቸርኬውን የውስጥ ጎን አየሁ። ነሐሴ ላይ ዘመድ ጥየቃ ጭቃ መንገድ ገብተን ነበር። በቀኝ የፊት ቸርኬ ውስጥ ያ ጥቁር ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ተጣብቋል፤ በካቻቢቴ ቆፍሬ ሳወጣው ሁለት እፍኝ ሞላ። በተቃራኒው በኩል አንዲት ጠብታ የለም። ባላንስ የሚያስተካክሉባት እርሳስ 10 ወይም 20 ግራም ናት፤ እኔ ሁለት እፍኝ ጭቃ በአንድ ጎን ይዤ 100 ስነዳ ነበር።

አጥቤ ወስጄ አራቱንም ባላንስ አስደረግሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 27

ለገና አሰላ ገብተናል። የአዳማው ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 80፣ 90፣ 95፣ 100 እያልኩ ቀስ በቀስ ወጣሁ። 90 ላይ ትከሻዬ ከልምድ ተኮማተረ፤ መሪው ግን ዝም አለ። ከአዳማ እስከ አሰላ ባለው ሽቅብ ጠመዝማዛ ሁሉ ያለችበትን መስመር አልለቀቀችም። ልጄ ከኋላ ሆና ስታዳምጥ ቆይታ ዴራ ሳንደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

እናቴ ግቢ ገብተን ሳንወርድ ጋሼ ደወሉ። "ኮፒሊያዋን አየሻት?" ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። ስልኩን እንደያዝኩ ተንበርክኬ በባትሪ አበራሁ። ጫፎቿ እንዳጠፍኳቸው ናቸው። "አለች፣ ጋሼ።" "የግራውን ጥር ላይ እንቀይረዋለን፤ ከዚያ አላይመንቱ እንደገና ነው፣ እንዳትረሺ" አሉና፣ "በሉ እንኳን አደረሳችሁ፤ ለእማማም ሰላም በይልኝ" ብለው ዘጉት። የግራው ታይሮድ ከነካርቶኑ ሻንጣው ውስጥ ነው።